አቅኚ አባትና የግብር ደረሰኝ
በደቡብ ወሎ የትውልድ ቆጠራና የርስት ክርክር ላይ ስለ ተጻፉት መጻሕፍት የቀረበ ሒስ

ስለ ኢትዮጵያ የመሬት ሥሪት የተጻፉት መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ስለ ታላላቅ ቤተ ሰቦች የትውልድ ሐረግ የተጻፉትም ጥቂት አይደሉም። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ የመረመረ ግን እምብዛም አይገኝም። የመሬቱን ነገር የጻፈው ሊቅ ሐረጉን ለታሪክ ጸሐፊ ይተውለታል፤ የሐረጉን ነገር የጻፈው ደግሞ ያ ሐረግ የተቆጠረው በየትኛው ማሳ ላይ ክርክር ተነሥቶ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ ያልፋል። በገበሬው ዘንድ ግን ሁለቱ ነገሮች ተለያይተው አያውቁም ነበር። ሰው ቅድመ አያቱንና ምንጅላቱን የሚቆጥረው ርስት ለመጠየቅ ወይም የያዘውን ርስት ለማስጠበቅ ነበር፤ «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው ተረትም የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ደሴንና ኮምቦልቻን የያዘው የደቡብ ወሎ አገር ይህ ጉድለት ከሌላው ስፍራ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ነው። በዚህ አገር የተደራረቡት ሕዝቦች፥ ሃይማኖቶችና ሕጎች ብዙ በመሆናቸው፥ አንዱን ሐረግ ብቻ ይዞ የሚነሣ መርማሪ ከመንገዱ መካከል ይቀራል። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ ከአቅኚው አባት ተጀምሮ ወደ ታች ከሚነበብ ይልቅ፥ ክርክር ከተነሣበት መሬት ተጀምሮ ወደ ላይ ቢነበብ የበለጠ እውነት ያስገኛል። ከዚህ በታች የሚመረመሩት መጻሕፍት የሚመዘኑትም በዚሁ ሚዛን ነው።

አስቀድሞ «አቅኚ» ስለሚለው ቃል መናገር ያስፈልጋል። ቃሉ «ቀና» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ አቀና ማለት የጎበጠውን ቀጥ አደረገ፥ ጠፉን አለማ፥ ያልተገዛውን አስገበረ ማለት ነው። በርስት ክርክር ቋንቋ አቅኚ አባት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ የያዘው፥ ተወላጆቹም ሁሉ በእርሱ ስም ድርሻቸውን የሚጠይቁት ሰው ነው። ነገር ግን ይኸው ግሥ «አገር ማቅናት» በሚለው አነጋገር ለዘመቻና ለወረራም ያገለግላል። በዚህ ምክንያት ቃሉ ራሱ ከምስክር ይልቅ ወደ ጠበቃ ያደላል፤ አንድ ሰው አቅኚ ነው በተባለ ጊዜ ከእርሱ በፊት የነበረው ነዋሪ ከቁጥር ወጥቶአልና። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ግን ይህን ቃል እንደ ቀላል የታሪክ ማስረጃ ተቀብለው፥ አቅኚው እውነት የመጀመሪያው ነዋሪ እንደ ነበረ አድርገው ተርጉመውታል።

የደቡብ ወሎ ምድር ይህን ትርጓሜ አይቀበልም። አገሩ በቀድሞ ዘመን ቤተ አማራ ይባል የነበረው ግዛት ክፍል ነው። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አበምኔት ሆነው ሳለ የገዳሙ ንብረት በወንጌሉ ኅዳግ ይጻፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኦሮሞ ነገዶች በአገሩ ተቀመጡና አዲስ ስም ሰጡት። ወረ ሂመኖ፥ ወረ ኢሉ፥ ወረ ባቦ የሚባሉት ስሞች ሁሉ «ወረ» ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ትርጓሜውም የእገሌ ቤት፥ የእገሌ ወገን ማለት ነው። «ወሎ» የሚለው ስም ራሱ የነገድ ስም ነበር። በሌላው አገር ሰው በተወለደበት ስፍራ ሲጠራ፥ እዚህ ግን ስፍራው በሰው ዘር ተጠራ። አንድ ሰው ወደ ወረ ባቦ ሲሄድ ሳያውቀው የትውልድ ሐረግ ስም ይጠራል፤ የአገሩ ካርታ የዘር ቆጠራ መዝገብ ሆኖአልና። ስለዚህ በአንድ ኮረብታ ላይ የገዳም ማስታወሻ፥ የነገድ ስምና የቤተ ሰብ ቆጠራ ሦስቱም ተገናኝተው እያንዳንዱ «መጀመሪያ እኔ ነበርሁ» ሊል ይችላል። መርማሪው እንደ ዳኛ ሆኖ አንደኛውን ብቻ ከመምረጡ በፊት፥ ሦስቱ ቃላት ለማን ጥቅም በምን ዘመን እንደ ተነገሩ መጠየቅ ይገባዋል።

የገዥዎቹን ሐረግ በሚመለከት ወረ ሂመኖን ይገዙ የነበሩት ማመዶች በብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል። ትሪሚንግሃም በ1952 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ እስልምና በኢትዮጵያ ባሳተመው መጽሐፍ አስታውሶአቸዋል፤ የወሎው ተወላጅ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድም በ2001 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ 19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ባሳተሙት መጽሐፍ የበለጠ በጥንቃቄ መርምረዋቸዋል። የሑሴን አሕመድ ሥራ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የአገሩን ሊቃውንትና ሼኮች ቃል ከጽሑፍ ምንጭ ጋር አመዛዝኖ የቤተ መንግሥት ዜና መዋዕል ብቻ ይናገርለት የነበረውን አገር በራሱ አንደበት እንዲናገር አድርጎአል። ይሁን እንጂ በጠቅላላው የዚህ ዐይነት ጽሑፍ ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ ሐረጉ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የሥልጣን ሰንሰለት ሆኖ ይቀርባል። ሴቶቹ የሚጠቀሱት እንደ ወይዘሮ ወርቂትና እንደ ወይዘሮ መስተዋት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለየወራሾቻቸው ሞግዚት ሆነው ሲፎካከሩ ብቻ ነው።

ይህ አቆጣጠር ምን ያህል እንደሚያጎድል ከንጉሥ ሚካኤል ቤት የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ የለም። መሐመድ ዓሊ ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ በኋላ፥ በ1870 ዓ. ም. ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ፤ ደሴን መቀመጫቸው አድርገው አቀኑ፤ በ1906 ዓ. ም. ነገሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ. ም. በሰገሌ ጦርነት ተሸንፈው ተማረኩ። በወንድ ሐረግ ብቻ ለሚያነብ ሰው የዚያ ቤት የወሎ ገዥነት በሰገሌ ያበቃ ይመስለዋል፤ ቆየት ብሎም ግዛቱ ለአልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን መሰጠቱን ሲያነብ የሸዋ ቤት የወሎን ቤት ተካ ብሎ ይደመድማል። በርስት አቆጣጠር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስኂን ናቸው፤ የወይዘሮ ስኂንና የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ እቴጌ መነን ናቸው፤ የእቴጌ መነን ልጅ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ናቸው። እንግዲህ አስፋ ወሰን በእናታቸው በኩል የንጉሥ ሚካኤል የልጅ ልጅ ልጅ ነበሩ። በታሪክ መጽሐፍ ባዕድ ሆኖ የሚታየው ገዥ በገበሬው አቆጣጠር ተወላጅ ነው። የቤተ መንግሥቱ ሐረግ ይህን ካላሳየ፥ ስለ ጥማድ መሬት በተቆጠሩት በብዙ ሺህ ሐረጎች ውስጥ ስንት ሴቶች ተዘልለው ይሆን ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከአገር ውስጥ ጸሐፊዎች ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ. ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» እና ገብረ ወልድ እንግዳ ወርቅ «የኢትዮጵያ መሬትና ግብር ስም» ብለው የጻፉት መጽሐፍ ለዚህ ጥናት መሠረት ናቸው። ርስት፥ ጉልት፥ ርስተ ጉልት፥ ማደሪያ፥ ሰሞን፥ ሲሶ፥ ቀላድ፥ ጋሻ፥ የእነዚህ ሁሉ ትርጉም ሊጠፋ በተቃረበበት ዘመን በጽሑፍ የቀረው በእነርሱ ድካም ነው። የሁለቱም መጻሕፍት ዐይን ግን የመዝገብ ቤቱ ዐይን ነው። መሬቱ ለመንግሥት ምን እንደሚከፍል ያሳያሉ፤ የቤተ ሰቡ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደ ተከፋፈሉት ግን አያሳዩም። «ርስት» የሚለው ቃል ከፍ ብሎ ሲታይ አንድ ሥሪት ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን በአንድ አባት ስም የተቀመጡ፥ አንዱ የሌላውን ድርሻ ሲጠባበቅ የሚኖር የዘመዶች ጉባኤ ነው።

ያንን ጉባኤ ቀርቦ ያየው አለን ሆበን ነው። በጎጃም በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1973 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ፥ ርስት በአባትም በእናትም ወገን የሚቆጠር መብት እንደ ሆነ፥ ሰውም የሁሉንም አቅኚ አባቶቹን ርስት በአንድ ጊዜ መያዝ ስለማይችል ከብዙዎቹ መካከል የሚበጀውን መርጦ እንደሚከራከር አስረድቶአል። ሒሳቡን ማስላት ቀላል ነው፤ ሰው ሁለት ወላጆች፥ አራት አያቶች፥ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እየተባዛ ሲሄድ በሰባተኛው ትውልድ 128፥ በዐሥረኛው 1024 ይደርሳል። ስለዚህ ጥያቄው «ተወላጅ ነህን?» የሚለው አይደለም፤ በአንድ አገር ውስጥ ብዙ ሰው ተወላጅ ነውና። ጥያቄው ተወላጅነቱን በዚህ መሬት ላይ ለማስመስከር የሚችል ወገን፥ ገንዘብና ንግግር ያለው ማን ነው የሚለው ነው። የሆበን መጽሐፍ ከሁሉም የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ሐረግን እውነት ወይም ሐሰት ብሎ ከመፍረድ ይልቅ ሥራውን አሳይቶአል።

ነገር ግን ከእርሱ በኋላ የመጡት ብዙዎች የደጋ ዳሞትን ሥርዓት የአማራ አገር ሁሉ ሥርዓት አድርገው መጥቀሳቸው ስሕተት ነው፤ በደቡብ ወሎ ቢያንስ ሦስት ልማዶች በአንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ይገናኛሉና። በርስት ልማድ ሴት ልጅ በመርሕ ከወንድሟ እኩል ትቆጠራለች። በእስልምና ሕግ ሴት ልጅ የወንዱን ድርሻ ግማሽ ትወርሳለች፤ የናኢባና የቃዲ ፍርድ ቤቶችም በ1944 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአዋጅ ቁጥር 62 ታውቀው ይህን የመሰለውን የውርስ ጉዳይ ያዩ ነበር። በኦሮሞ የጎሳ አቆጣጠር ደግሞ ሐረጉ በአባት ብቻ ይወርዳል። የጋብቻውም ሕግ ቆጠራውን ይለውጠዋል፤ በክርስቲያኑ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ጋብቻን ለመከልከል ስለሚያስፈልግ፥ ለርስት ባያገለግልም ሐረጉ ይታወሳል፤ የእስልምና ሕግ ግን የአጎትን ልጅ ማግባት ስለማይከለክል ይህ ግዴታ የለም። ክርስቲያንና እስላም በአንድ ጣራ ሥር ዘመድ በሚሆኑበት በወሎ፥ አንዱ ወንድም በአንዱ ሕግ፥ ሌላው በሌላው ሕግ ቢከራከር ሐረጋቸው አንድ ሆኖ ሳለ ድርሻቸው ይለያያል። ስለዚህ የወሎን ሐረግ የሚያጠና ሰው ስሞቹን ብቻ ሳይሆን ቆጠራው በየትኛው ሕግ ፊት እንደ ቀረበ መመዝገብ አለበት።

ወሎ በግብርም ረገድ የሁለት ሥርዓቶች ድንበር ነበር። በ1944 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ቁጥር 70 ወሎን እንደ ሸዋና እንደ ሐረር በጋሻ እየተቆጠረ ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ከሚገብረው አገር ጋር ሲመድበው፥ ጎጃምን፥ ትግሬንና ቤጌምድርን በቀድሞው ልማዳቸው ለይቶ ትቶአቸዋል። እንግዲህ በወሎ ደጋ በአባት ስም የሚኖረው ባለ ርስት፥ ግብሩን በሚመለከት በግል ስም የሚመዘግብ መንግሥት አጋጠመው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በሐረጉ ጎን ሌላ ማስረጃ ቆመ፤ እርሱም የግብር ደረሰኝ ነው።

የሁለቱ ማስረጃዎች ግጭት በ1952 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 ተጽፎ ይገኛል። ሕጉ ለአሥራ አምስት ዓመት ያለ ማቋረጥ በመሬቱ ላይ ግብር የከፈለ ባለ ይዞታ ባለ ሀብት ይሆናል ይላል። ወዲያውም ይህን ይገድበዋል፤ በልማድ የቤተ ሰቡ ሁሉ የሆነውን መሬት ከቤተ ሰቡ አንዱ ሰው በይርጋ ከዘመዶቹ ሊወስደው አይችልም ይላል። ይህች አንዲት አንቀጽ በወሎ ላሉት የርስት ክርክሮች ምን ማለት እንደ ነበረች ሊቃውንቱ በበቂ አልመረመሩትም። ለምሳሌ ያህል ሁለት ሰዎች ከኮምቦልቻ በላይ ባለ አንድ እርሻ ላይ ተከራከሩ እንበል፤ አንደኛው የሃያ ዓመት ደረሰኝ በእጁ ይዞአል፤ ሁለተኛው ደረሰኝ የለውም፥ ነገር ግን ምስክሮች አሉት። ከሳሹ ባለ ይዞታውን ለመርታት ከፈለገ ባዕድ ነው ሊለው አይገባውም፤ ባዕድ ከሆነ ይርጋው ይጸናበታልና። «ዘመዴ ነው፥ የአንድ አቅኚ ልጆች ነን» ብሎ ማስመስከር አለበት። ባለ ይዞታው ደግሞ ዘመድነቱን መካድ ይጠቅመዋል። ጠላቱን ዘመዴ ነው የሚል ከሳሽ፥ ዘመዱን አላውቀውም የሚል ተከሳሽ በአንድ ችሎት ይቆማሉ። እንዲህ ባለው ስፍራ የተነገረ የትውልድ ቆጠራ እንዲያው የአያቶች ትዝታ ሊባል አይችልም፤ በሕጉ ቀዳዳ ልክ የተሰፋ ነው። ነገር ግን ከዚህ የተነሣ ሐሰት ነው ብሎ መጣሉም ስንፍና ነው፤ ምስክሮቹ የማያውቁትን አባት ከምንም ፈጥረው በጎረቤቶቻቸው ፊት ማጽናት አይቻላቸውም ነበርና። ቆጠራው ከሚታወቁት ብዙ አባቶች መካከል ይመርጣል፤ የተመረጠውና የተተወው ሁለቱም ማስረጃዎች ናቸው።

ደረሰኝና ጽሑፍ ከቃል ይበልጣሉ የሚለውም አስተያየት ያለ ፈተና የሚታለፍ አይደለም። ዶናልድ ክራሚ በ2000 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው ሰፊ ሥራ፥ በየቤተ ክርስቲያኑ መጻሕፍት ኅዳግ የተጻፉትን የመሬት ሰነዶች ሰብስቦ ስለ ጉልትና ስለ ርስት ብዙ አስተምሮአል። ያ ሥራ ቃል ብቻ ይቀርበት ለነበረው ጥናት ጽኑ መሠረት ሰጥቶታል። ሆኖም ኅዳጉ ላይ የተጻፈው ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመኳንንት የቀረው ነው፤ የቃሉ ሐረግ ግን ብራና ላልነበራቸው ሰዎችም ያገለግል ነበር። በቃሉና በወሎ በኩል ብዙው ገበሬ እስላም ስለ ነበረ፥ በቤተ ክርስቲያን ብራና ላይ የሚገኘው ምስክርነት ለእርሱ የሚነግረው ጥቂት ነው። የግብር ደረሰኙም ቢሆን ገባሪው ማን እንደ ሆነ እንጂ መሬቱን ያረሰው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፤ ለመክፈል አቅም ያነሰው ዘመድ ከደረሰኙ በወደቀ ጊዜ ከርስቱም ሊወድቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ጽሑፉም እንደ ቃሉ ማን ጻፈው፥ ለማንስ ተጻፈ ተብሎ መጠየቅ አለበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የመንግሥት በሆነ ጊዜ፥ ርስት በሕግ ፊት አበቃ። የገበሬው ማኅበር መሬትን በነዋሪነትና በቤተ ሰብ ብዛት ሲያከፋፍል፥ አቅኚ አባትን መቁጠር ትርፍ የሌለው፥ ምናልባትም የሚያስጠረጥር ነገር ሆነ። በዚህ ምክንያት ጸሐፊዎች ሁሉ የርስትን ጥናት ያለፈ ዘመን ጥናት አድርገው ዘጉት። ይህ መዝጊያ ፈጥኖ የተዘጋ ነው። በ1987 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቢቀርም፥ የአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጆች፥ ከእነርሱም አንዱ በ2009 ዓ. ም. የወጣው ቁጥር 252፥ ይዞታ በውርስና በስጦታ እንዲተላለፍ ፈቅደዋል። በ1990ዎቹ ዓመታት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል የክልሉ መሞከሪያ ከነበሩት ቀበሌዎች አንዱ በደሴ ዙሪያ ያለው ገራዶ ነበር። በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት ስለሚሰፍር፥ የቀድሞው ሐረግ የዘለላት ሴት በመዝገብ ስፍራዋን አገኘች። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ደብተሩ የሚጀምረው በተመዘገበበት ቀን ከነበረው ባለ ይዞታ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን አያነሣም። በኮምቦልቻም በ2009 ዓ. ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲመረቅ እንደ ታየው፥ ገጠሩ ወደ ከተማ ሲለወጥ በካሳ ነገር የሚጠየቀው ባለ ይዞታው ነው። ባለ ይዞታው ሲሞት ደግሞ ወራሾቹ ከወላጆቻቸው ተወላጅነታቸውን ያስመሰክራሉ፤ ሐረግ ቆጠራው አጥሮ፥ ከአቅኚ ይልቅ ከደብተሩ ስም ተነሥቶ ዳግመኛ ጀመረ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ ለተመራማሪውና ለተማሪው የሚከተለው ሥራ ግልጥ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች የሚገኙት ሽማግሌዎች ከ1967 ዓ. ም. በፊት በችሎት ቆመው የመሰከሩ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ቆጠራቸው ሲጻፍ የአባቶች ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። ቆጠራው የተነገረው ስለ የትኛው መሬት እንደ ሆነ፥ የተከራካሪው ወገን ቆጠራ ምን እንደ ነበረ፥ በየትኛው ሕግና በየትኛው ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ፥ ማን እንደ ረታ፥ ከቆጠራው የወጡት ሴቶችና ታናናሾች እነማን እንደ ነበሩ በጎኑ መጻፍ አለበት። የተሸናፊው ሐረግ ከአሸናፊው ሐረግ ያላነሰ የታሪክ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም አሸናፊው የተወውን የሚያስታውሰው እርሱ ነው። እንዲህ ከሆነ «ወረ» የሚለውን ስም የያዘ አገር ሁሉ የማን ቤት እንደ ነበረ ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያ ቤት ማን እንደ ወጣም ሊታወቅ ይችላል።